ኮረብታው ባዶ በመሆኑ የሁላችን ነው

ግልጽ ደብዳቤ
ለከተማችን ምክር ቤት አባላት፣ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም ለመላው የከተማችን ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በከተማችን ኮረብታ ጫፍ ላይ ሊቆም ስለታሰበው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሐውልት

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

እኔ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኘው ከተማችን ተወልጄ ያደግሁ፣ በዚያው ለሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ፣ አሁን ደግሞ የሰፈራችን ቅሬ (በሌላው አገር ዕድር የሚባለው) ጸሐፊ የሆንሁ ሰው ነኝ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ልጆቼን ያስጠመቅሁት፣ አባቴንና እናቴንም የቀበርሁት በዚያው ኮረብታ ሥር ባለው ደብር ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የማሰፍረውን ተቃውሞ «የሌላ እምነት ሰው ቅናት ነው» ብሎ ወደ ጎን ለመግፋት የሚፈልግ ሰው እንዳይኖር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን እወድደዋለሁ፤ ዝክሩን ከአያቴ ተቀብዬ በየዓመቱ አወጣለሁ። ሐውልቱ በኮረብታው ላይ እንዳይቆም የምለምነውም ይህንኑ ፍቅር ይዤ ነው።

ባለፈው ወር ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስንጠራ የተነገረን አጀንዳ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ጥገና ነበር። ገብተን ስንቀመጥ ከመድረኩ ጀርባ ትልቅ ባነር ተሰቅሎ አገኘን፤ በባነሩ ላይ ኮረብታችን፣ በኮረብታው ጫፍም በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ጦሩን በዘንዶው ላይ የሰበቀው ሰማዕት ይታያል። ሐውልቱ ከከተማችን ሕንጻዎች ሁሉ እንደሚረዝም፣ ማታ ማታ በመብራት እንደሚደምቅ፣ ወጪውን በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች እንደሚሸፍኑ፣ ከምክር ቤቱ የሚጠበቀውም ቦታውን መፍቀድ ብቻ እንደሆነ ተብራራልን። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት በቅሬያችን ለረጅም ዘመን ገንዘብ ያዥ ሆነው ያገለገሉ አንድ ሐጂ ነበሩ። ባነሩን ሲመለከቱ ቆዩና መነጽራቸውን አውልቀው በኩታቸው ጫፍ ወለወሉት፤ መልሰው አደረጉት፤ እንደገናም አውልቀው ወለወሉት። አስተያየት ያለው እጁን እንዲያወጣ ሲጠየቅ እጃቸውን አላወጡም። ሌሎቹም ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አላወጡም። ሰብሳቢውም «ተቃውሞ አልቀረበም» ብለው በቃለ ጉባኤ አስመዘገቡ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ አንድ መስመር ነው። በወሎ ምድር ሰው ዝም ሲል ተስማማ ማለት እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነበር። ሰው ጎረቤቱን በአደባባይ ላለማስቀየም ሲል ቃሉን ይውጣል፤ ቤቱ ሲገባ ግን እንቅልፍ ያጣል። ይሉኝታን እንደ ድምፅ ቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ፍትሕ አይደለም። እኔም በዚያ ቀን ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁና ይህን ስጽፍ ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት እያረምሁ ነው።

ኮረብታውን ለማያውቁት የምክር ቤት አባላት ጥቂት ልናገር። በላዩ አንድ አሮጌ ወይራ፣ ጥቂት ግራርና ብዙ ቁልቋል ካልሆነ በቀር የሰው እጅ የሠራው ነገር የለበትም። በቀረበልን የፕሮጀክት ጽሑፍ ላይ «ጥቅም ላይ ያልዋለ ቦታ» ተብሎ የተጠቀሰውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን የተጣሉ ቤተሰቦች ደም የሚያደርቁት፣ አባጋሮች የምንላቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የበዳይንና የተበዳይን ቃል የሚሰሙት በዚያ ወይራ ሥር ነው። ሽምግልናው በመስጊድ ግቢ ቢሆን ክርስቲያኑ እንግዳ ይሆናል፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቢሆን ሙስሊሙ እንግዳ ይሆናል። እንግዳ የሆነ ሰው ደግሞ ሙሉ ቃሉን አይናገርም። በወይራው ሥር ባለቤትም እንግዳም ስለሌለ በዳይ በደሉን ያምናል፤ ካሣም እዚያው ይቆረጣል። ማረሻ ያልገባበት፣ አጥር ያልታጠረበት ይህ ጫፍ ለከተማችን ከፍርድ ቤት ያላነሰ አገልግሎት ሲሰጥ ኖሯል።

ዝናብ ሲጠፋም የምንወጣው ወደዚያው ነው። በ1976 ዓ.ም. ክረምቱ እምቢ ባለ ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያ ክረምት በወሎ ላይ ያመጣውን በማግሥቱ ዓመት ዓለም ሁሉ ስላየው እርሱን መተረክ አያስፈልገኝም፤ አንዲቱን ቀን ብቻ ልናገር። ቅሬዎቹ ተነጋግረው በአንድ ጠዋት መላው ከተማ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሙስሊሞቹ ከጫፉ በስተ ደቡብ ባለው ገላጣ ላይ ተሰለፉ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰው፣ ዱበርቲዎቹ (ዱአ የሚያደርጉት እናቶች) ከኋላ ተቀምጠው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዞሩ፤ ከወሎ ሆኖ ወደ መካ የሚዞር ሰው የሚመለከተው ወደ ሰሜን ነውና። እኛ ደግሞ ከወይራው በስተ ምዕራብ ከካህናቱ ጋር ቆመን ወደ ምሥራቅ እየተመለከትን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እንል ነበር። የእነርሱ «አሚን» ከእኛ «እግዚኦ» ጋር እየተደባለቀ ሲመጣ ጆሮዬ ለመለየት አቅቶት ነበር። ልጇን ያዘለች አንዲት ሴት በሁለቱ ጉባኤ መካከል ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ከዚያም ከዚህም ጸሎት በተዘጋ ቁጥር እጆቿን ዘርግታ «አሚን» ስትል አስታውሳለሁ። የየትኛው እምነት ተከታይ እንደነበረች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በዚያ ቀን የጠየቃትም ሰው አልነበረም።

አሁን በባነሩ ላይ የታየው ሐውልት የሚቆመው በዚያው ጫፍ ላይ ነው። ሙስሊሞቹ ከጫፉ በስተ ደቡብ የሚሰለፉ በመሆናቸው፣ ወደ ቂብላ በዞሩ ጊዜ ሐውልቱ በቀጥታ ከፊታቸው ይሆናል ማለት ነው። የእስልምናን ሥርዓት ትንሽ እንኳ የሚያውቅ ሰው፣ ሙስሊም በምስል ፊት ቆሞ እንደማይሰግድ ያውቃል። ስለዚህ ሐውልቱ በቆመ ቀን ማንም ሰው «ከዚህ ውጡ» ሳይላቸው፣ ማንም ሰው እጁን ሳያነሣ፣ አባቶቻቸው ዱአ ካደረጉበት ኮረብታ ይወጣሉ። ቦታውን ለመለካት የመጣው ባለሙያ ይህን ያስተዋለ አይመስለኝም፤ ነዋሪው ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ግን እረኛ እንኳ በነገረው ነበር። «ሐውልቱ ማንንም አይነካም» ለምትሉ ሁሉ መልሴ ይህ ነው፤ የሚነካው ሰው ማን እንደሆነ እኔ አይቻለሁ።

ስለ ራሳችን ሥርዓትም ልናገር፤ የሚበልጠው ኀዘኔ በዚህ ላይ ነውና። ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳንን ስታከብር የኖረችው በሥዕለ አድኅኖ፣ በገድል፣ በዜማ፣ በታቦት ነው። በዙሪያው የሚዞሩት፣ ከምድር የተነሣ ትልቅ ሐውልት አቁሞ ቅዱስን መዘከር የአባቶቻችን ልማድ አልነበረም። ድንጋይ መጥረብ ሳይችሉ ቀርተው አይደለም፤ ላሊበላን የፈለፈሉት እነርሱ ናቸው። በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ የሰው ቁመት ያላቸውን ቅዱሳን ከአለቱ ቀርጸው አውጥተዋል፤ ነገር ግን በቤተ መቅደሱ ውስጥ፣ ሊሳለም በፈቃዱ ጫማውን አውልቆ ለገባ ሰው ነው ያኖሯቸው። ያን ሁሉ ሕንጻ ራሱን ወደ ላይ ከመስቀል ይልቅ ወደ ምድር ውስጥ ዝቅ ብለው ነው የሠሩት። ቤተ ጊዮርጊስን ለማየት የሄደ ሰው ከጉድጓዱ አፋፍ እስኪደርስ ድረስ ምንም አያይም። ይህን ቅርስ በምድራችን ይዘን፣ ለዚያው ሰማዕት ክብር ሲባል ከሩቅ የሚታይ ነገር ካልቆመ የጎደለብን የሚመስለን ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

ታቦታችንም ቢሆን ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ግን ይመለሳል። ጥር 10 ቀን ለከተራ ከመንበሩ ተነሥቶ፣ በድንኳን አድሮ፣ ውኃው ተባርኮ፣ ሕዝቡ ተረጭቶ፣ በእልልታ ወደ መንበሩ ይገባል። በዚያች ሌሊት ሙስሊም ወጣቶች ከእኛ ልጆች ጋር ሆነው ሥርዓት ሲያስከብሩ፣ እናቶች በበራቸው ውኃ ይዘው ሲቆሙ አይቻለሁ። ይህን በደስታ የሚያደርጉት ሜዳው በማግሥቱ ተመልሶ የሁሉም ሜዳ እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው። ከዒድ ሰላት በኋላም እንዲሁ ነው፤ ምንጣፉ ይጠቀለላል፣ ሜዳው ለከብቱና ለኳሱ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የከበረው ታቦት እንኳ በሜዳ ላይ የማይቀር ከሆነ፣ የሲሚንቶና የብረት ሥራ ለዘለዓለም ይቀመጥበት ማለት ከእምነቱ አልፎ መሄድ ነው።

በስብሰባው ላይ አንድ ተናጋሪ «ቅዱስ ጊዮርጊስ የዓድዋ ታቦት ነው፤ ስለዚህ ሐውልቱ የሃይማኖት ሳይሆን የአገር ነው» ብለው ነበር። ታቦቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ መዝመቱ እውነት ነው፤ እኔም በዚህ እኮራለሁ። የወሎን ፈረሰኛ እየመሩ የዘመቱት ግን ራስ ሚካኤል ናቸው፤ በዚያ ፈረሰኛ ውስጥም ቂብላ የሚያውቅና ደብር የሚያውቅ ጎን ለጎን ይጋልብ ነበር። ዓድዋን መዘከር ከተፈለገ የወሎን ፈረሰኛ ዘክሩልን፤ እርሱን ከሆነ ሐጂም እጃቸውን ያወጣሉ፤ እኔም ከጡረታዬ አዋጣለሁ። በአዲስ አበባ ስለቆመው ስለ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት የሚጠይቅም ይኖር ይሆናል። እርሳቸው ጳጳስ ቢሆኑም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁት ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪ እንዳይገዙ ገዝተው ነው። በዚያ ሐውልት ፊት ኢትዮጵያዊ ሁሉ የራሱን ሰማዕት ያያል። በኮረብታችን ሊቆም የታሰበው ግን መሳለሚያ እንዲሆን፣ ዓመታዊ ንግሥ እንዲደረግበት፣ ምዕመናን እንዲጎርፉበት ታስቦ መሆኑ በዚያው የፕሮጀክት ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል። ሁለት ስም ሊሰጠው አይገባም።

በእጄ ያለውን የቅሬያችንን አሮጌ መዝገብ ከፍቼ አንድ ነገር ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በአይጥ የተበላ መዝገብ ነው። ከመካከሉ ባለ አንድ ገጽ ላይ ለደብሩ ክዳን ቆርቆሮና ሚስማር የሰጡ፣ እንጨት በትከሻቸው ያመላለሱ አባላት ስም ተዘርዝሯል፤ አሊ፣ ተሰማ፣ ሰይድ፣ ይማም፣ ገብሬ እያለ ይወርዳል። ጥቂት ገጾች አልፎ ለመስጊዱ ግንብ አሸዋ በአህያ የጫኑ፣ ውኃ የቀዱ፣ ግንበኛውን ያበሉ ሰዎች ስም አለ፤ ስሞቹ አብዛኞቹ ያው ናቸው። ሁለቱንም ገጽ የጻፈው አንድ እጅ ነው፤ ከእኔ በፊት ጸሐፊ የነበሩት ሼህ። በደብሩ ገጽ ግርጌ «ቆርቆሮ ስለጎደለ በሚቀጥለው ሳምንት ይሟላ» ብለው በቀይ ጽፈው ከሥሩ አስምረውበታል። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሳይሞላ እንዳይቀር ሼሁ በቀይ ቀለም ያሰመሩባት ከተማ ናት የእኛ ከተማ።

ይህንን የማነሣው ልብ ለማለስለስ አይደለም፤ የአሠራር ጉዳይ ስላለበት ነው። በእነዚያ ሁለት ገጾች ላይ የተመዘገበው ሥራ የተሠራው አንደኛው ለሌላኛው በየግቢው ነው። ሠርግ ስንደግስ ሁለት ምጣድ እንጥዳለን፤ ለሙስሊሙ እንግዳ ሙስሊም አርዶ በሌላ ድስት ይሠራል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንዲሁ ያደርጋል። ማንም «አንድ ድስት ይበቃናል፣ ፍቅር ካለ ምን ችግር አለው» ብሎ ጎረቤቱን የማይበላውን እንዲበላ አያስገድድም። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ያሉትም በዚህ ምድር ላይ ነው። መተሳሰባችን የቆመው ሌላው ሰው የማይችለውን ነገር ከፊቱ ባለማኖር ላይ ነው። ኮረብታው ደግሞ የሁላችን ማዕድ ነውና አንደኛችን ብቻ የምንበላው ነገር በላዩ ላይ ሊቀርብ አይገባም።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የመንግሥት እጅ በሃይማኖት ጉዳይ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከወሎ ሰው በላይ የሚያውቅ ካለ እርሱን አሳዩኝ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው ቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ጠርተው፣ የክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ከቋጩ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታወጀ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል (ከላይ ያነሣኋቸው ራስ፣ ኋላም ንጉሥ)፣ አመዴ ሊበን ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሼህ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር እምቢ ብለው ሸፈቱ፤ ብዙ ሰው ተሰደደ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በግዴታ ከተጠመቀው ውስጥም «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የተባለው ሆኖ የኖረው ጥቂት አልነበረም። ንጉሡ አንድነትን ፈልገው ያደረጉት እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ይነግሩናል፤ እኔም አሳባቸውን አልጠራጠርም። ሕዝቡ ግን በዚያ አዋጅ የተሰበረውን ያዳነው በአዋጅ አይደለም፤ በጋብቻ፣ በአበልጅነት፣ በቅሬ፣ በወዳጃ (በጋራ በሚደረግ ዱአ) እና በዝክር፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየደረበ ነው ያዳነው። በእኔ ቤት የአባቴ አያት ስም ሙስሊም ነው፤ የሐጂ እናት ደግሞ የደብራችን የአንድ ቄስ እኅት ነበሩ። ዛሬ የአንድ ምክር ቤት ማኅተም የኮረብታውን ጫፍ ለአንድ እምነት ሲሰጥ፣ አዋጁ እንደ ቦሩ ሜዳው ከባድ ባይሆንም መንገዱ ያው ነው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለሃይማኖት ተቋማት የአምልኮ ቦታ በምደባ የሚሰጥበትን መንገድ ያስቀመጠ በመሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ለሚጠይቅ ምዕመንም መስጊድ ለመሥራት ለሚጠይቅ ጀማዓም በሩ ክፍት ነው። ኮረብታው ግን በሕዝብ ልማድ የወል ሆኖ የኖረ ቦታ ነው። የወልን ቦታ ለአንድ እምነት ምልክት በድምፅ ብልጫ መስጠት ቁጥራችን ስለሚበዛ የሌላውን ድርሻ እንውሰድ ከማለት አይለይም። በአንዱ ከተማ ክርስቲያኑ ይበዛል፤ መንገዱን ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ የወረደ ሰው ደግሞ ሌላ ቁጥር ያገኛል። ዛሬ እኛ የምንመሠርተው ልማድ ነገ በዚያ ያሉትን ክርስቲያን ወንድሞቻችንን ምን እንደሚያደርጋቸው አስቡት።

በሌላው ዓለም የሆነውንም መመልከት ይጠቅማል። በሕንድ አገር በካርናታካ ግዛት፣ በካናካፑራ አቅራቢያ ባለ ካፓላ ቤታ በተባለ ኮረብታ ላይ 114 ጫማ የሚረዝም የክርስቶስ ሐውልት ለማቆም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሲጀመር፣ መሬቱን ለምዕመናኑ ያስገኙት አንድ ታዋቂ የፓርቲ መሪ ነበሩ። የኮረብታው ሥር ነዋሪዎች ለብዙ ዘመን በዚያ ሲጸልዩ የኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ፖለቲከኛው እጃቸውን ባስገቡ ጊዜ ግን ተቀናቃኝ ፓርቲው በጥር 2020 ሰልፍ አስወጣ፤ መሬቱ የመንግሥት የግጦሽ መሬት ነው የሚል ክርክርም ተነሣ፤ የመንደሩ ሰዎች ጸሎት የሁለት ፓርቲዎች መወራወሪያ ሆነ። በኢንዶኔዥያ ቱባን ከተማ በአንድ የቻይናውያን ቤተ መቅደስ ግቢ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2017 በቆመ ጊዜ ደግሞ ከተነሣው ቁጣ የተነሣ በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ። ሊከበር የቆመ ነገር እንደ አስከሬን ተገንዞ ማየት ለአማኙ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም፤ በእኛ ሰማዕት ላይ ይህ እንዲሆን አልፈልግም።

መፍትሔ ያገኘም አለ። በፈረንሳይ ፕሎኤርሜል በተባለች ትንሽ ከተማ አደባባይ እ.ኤ.አ. በ2006 የቆመው የካቶሊካውያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ሐውልት በላዩ ትልቅ መስቀል ነበረበት። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በ2017 መስቀሉ ከሕዝብ አደባባይ እንዲነሣ ወሰነ። ካቶሊካውያኑ ሐውልቱን አልሰባበሩትም፤ ከተማውም አልተበጣበጠም፤ ከነመስቀሉ በዚያው አጠገብ ወዳለ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ተዛወረ። ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የራቀው፤ ጠቡ ግን አበቃ። እኛ እንዲህ ያለውን እርምጃ ሐውልቱ ከቆመ በኋላ ሳይሆን ከመቆሙ በፊት ልንራመደው እንችላለን።

ከስብሰባው ወዲህ የሰማሁት ወሬ አስፈርቶኛልና ስለ ወጣቶቻችን ዝም ማለት አልችልም። «ሐውልቱን የሚቃወም የመስቀሉ ጠላት ነው» የሚል ጽሑፍ በየስልኩ እየዞረ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ «ያ ከቆመ እኛም በፊት ለፊቱ ኮረብታ ላይ ከእርሱ የሚረዝም ሚናራ እናቆማለን» የሚሉ ልጆች አሉ። አንዱ ተማሪዬ የነበረ ነው፤ ሌላውም ተማሪዬ የነበረ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ቀብር ላይ የተነሣ ጠብ የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ በዚያው ሰሞን በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ጋይተዋል። በእነዚያም ከተሞች ሰው በፍቅር ይኖር ነበር። «ወሎ ፍቅር ነው» የሚለውን ቃል ደጋግመን ስላልነው ብቻ የሚጠብቀን የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ የጠበቀን እያንዳንዱ ሽማግሌ በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ጉዳይ ድምፅ ማግኛ ልታደርጉት የምታስቡ የምክር ቤት አባላት ካላችሁ፣ የምትነኩት እሳት ከምርጫው ሰሞን በኋላም እንደሚነድድ እወቁት።

በውጭ አገር ላላችሁ ልጆቻችንም ቃል አለኝ። ገንዘቡ ላባችሁ ነው፤ «በዚህ ብር ክሊኒክ ሥሩበት፣ ውኃ አስገቡበት» ብዬ አልነግራችሁም፤ ስእለታችሁንም አልለካም። የናፍቆታችሁ ኮረብታ በዓይናችሁ ላይ እንዳለ ይገባኛል፤ ከሩቅ ሆናችሁ ስታዩት አንድ ነገር የጎደለው መስሏችሁ ይሆናል። የተዋችሁት ኮረብታ ግን እንደተዋችሁት ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይገባል። ደብሩ ከኮረብታው ሥር ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፤ የምሥራቁ በር በጦርነቱ ጊዜ ተጎድቶ ገና አልታደሰም፤ የሰማዕቱ ሥዕልም በጢስ ጠቁሮ መልኩ ጠፍቷል። ሥዕሉን በጥሩ ሠዓሊ አሳድሱት፣ በሩን አሠሩት፣ በግቢውም ውስጥ ሊቃውንቱ የፈቀዱትን መታሰቢያ አቁሙ። ድንጋይ የሚያቀብል ሰው ቢቸግር ሐጂን ጠይቁ፤ ከእኔ ቀድመው እንደሚመጡ አውቃለሁ።

ስለዚህ ምክር ቤቱን የምጠይቀው ይህን ነው። «ተቃውሞ አልቀረበም» የሚለው ቃለ ጉባኤ ይታረም፤ የነዋሪው ሐሳብ ገና ያልተሰማ መሆኑ ይጻፍበት። ጉዳዩ ከምክር ቤቱ አጀንዳ ወጥቶ ለከተማችን ቅሬዎች ሁሉ በአንድነት ይመለስ፤ ቅሬዎቹም አባጋሮችን፣ ካህናትን፣ ሼሆችንና ዱበርቲዎችን ይዘው፣ ባነር ሳይሰቀል፣ ካሜራ ሳይቀረጽ፣ በወይራው ሥር ይምከሩበት። በዚያ የሚወሰነው ምንም ይሁን ምን እኔ እቀበለዋለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኮረብታው በከተማው ፕላን ላይ የወል ቦታ ሆኖ ይመዝገብ፤ ሐውልትም ሆነ ሚናራ፣ የንግድ ሕንጻም ሆነ የባለሥልጣን ቪላ የማይሠራበት መሆኑ በካርታው ላይ ይጻፍ። ነገ የእኔ ወገን ሳይሆን የሌላው ወገን ለጫፉ የሚመኝበት ቀን ቢመጣ ይህ ካርታ ያኔም እንዲጠብቀን ነው የምጠይቀው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የቅሬያችን አባላት የፈረሙበት ወረቀት ተያይዟል። ፊርማውን ያሰባሰብሁት ቤት ለቤት ዞሬ ነው። ሐጂ ዘንድ የደረስሁት በመጨረሻ ሲሆን ቡና ሁለተኛው ደርሶ ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያም «ስሜ ከፊት እንዳይሆን፣ ከመካከል አስገባኝ» አሉኝ። በጠየቁኝ መሠረት በአሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ ፈርመዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ
ለመስጊዱ ኮሚቴ
ለከተማው ቅሬዎች ዳኞች